ምጣዱ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል አሉ!

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከሦስት ሰዎች ተላከልኝ። ሻማ ይነድዳል። ከሻማው በላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነጭ ስስ ሰሌዳ አለች። ከሰሌዳዋ በላይ በረዶ የሞላው ጣሳ ተቀምጧል። ከሰሌዳዋ የወጡት ቀይና ጥቁር ሽቦዎች ደግሞ አንዲት ትንሽ አምፖል ያበራሉ። ከሥሩ "የሚባክን ሙቀት ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው! እኛ ምን እንጠብቃለን?" የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ከላኪዎቹ ሁለቱ የጭብጨባ ምልክት አክለው አለፉት። ሦስተኛው የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ደግሞ ነገር ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። ሰሌዳዋን አስመጣት።

ቅዳሜ ጠዋት "ና፣ ታሪክ ሲሠራ ታያለህ" ብሎ እናቱ ቤት ጠራኝ። ቅዳሜ እዚያ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። እናቱ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አግለው፣ አስሰው፣ ሊጡን በጣሳ ቀድተው ቆመዋል። ልጃቸው ከምጣዱ ጎን ተንበርክኮ ሰሌዳዋን ከብረቱ ጋር በሽቦ ያስራል። በላይዋ ከአሮጌ ኮምፒውተር የፈታውን የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ይለጥፋል። ከዚያ ቮልቴጅ ከፍ የምታደርግ ትንሽ ሰርኪዩት፤ ከዚያ የስልኩ ገመድ። በመጀመሪያው እንጀራ መለኪያው ላይ ቁጥር ወጣ፤ ጓደኛዬ በደስታ ጮኸ። ከአምስተኛው እንጀራ በኋላ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ከአሥረኛው በኋላ ስልኩ "ቻርጅ በማድረግ ላይ" ማለቱን ተወ።

እናቱ አክምባሎውን ከፍተው ዓይናቸውን እያሹ እንዲህ አሉት፤ "አንተ ልጅ፣ ስልክህን እዚያ ግድግዳው ላይ ሰክተህ እኔን ብትተወኝ ምን አለበት?"

የዛሬው ጽሑፌ ለእኚህ እናት ጥብቅና የቆመ ነው። ምክንያቱም ከዚያ ቀን በኋላ ሳስበው እኚህ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን እኛ ተማርን የምንል ሰዎች በሽልማት፣ በዜናና በጭብጨባ እየሸፈንነው ነው።

ለሰሌዳዋ መጀመሪያ ፍትሕ

ስም ላለማጥፋት ከዚህ ልጀምር፤ ሰሌዳዋ አታላይ አይደለችም። ስሟ ቴርሞኤሌክትሪክ ጀነሬተር ይባላል፤ ነገሩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለ ሳይንቲስት ሁለት የተለያዩ ብረቶችን አገናኝቶ መጋጠሚያቸውን በአንድ ወገን ሲያሞቅ አጠገባቸው ያለው የኮምፓስ መርፌ ዞረ። እሱ ማግኔት ያገኘ መስሎት ነበር። ሽቦው ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ መሆኑን ያስረዳው ሌላ ሰው፣ ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሆነው አፄ ቴዎድሮስ ገና የሁለት ሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ነው። "አዲሱ ቴክኖሎጂ" የምንለው ይህን ነው።

የዛሬዋ ሰሌዳ ከብረት ይልቅ ቢስመዝ ቴሉራይድ በሚባል ሴሚኮንዳክተር የተሞላች ናት። በአራት ሴንቲ ሜትር ካሬ ውስጥ ከመቶ በላይ ጥንድ ጥንድ እግሮች ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ሲሞቅና ሌላው ሲቀዘቅዝ በእግሮቹ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎች ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ይገፋሉ። የሚሽከረከር ነገር የላት፣ ድምፅ የላት፣ ዘይት አትጠይቅ። እውነት ለመናገር ታምራለች።

ቪዲዮው የሚደብቀው ነገር ግን አለ። አምፖሏን የሚያበራው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ በሙቁና በቀዝቃዛው መካከል ያለው ልዩነት ነው። በረዶው ለጌጥ አልተቀመጠም። የእኛን አገር ምሳሌ ውሰዱ፤ ጣና ሐይቅ ላይ ያለው ውኃ ስፍር ቁጥር የለውም፣ ነገር ግን ተኝቷል። ተርባይን የተተከለው ውኃው በሚወድቅበት በጢስ ዓባይ ነው። ሙቀትም እንዲሁ ነው። ብዛቱ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ የሚወድቅበት ገደል ያስፈልገዋል።

የጓደኛዬ ሰሌዳ ለምን እንደተዳከመች አሁን ግልጽ ነው። ሙቀቱ በሰሌዳዋ አልፎ አሉሚኒየሙን አጋለው። ሁለቱም ወገን ሲግል ገደሉ ሜዳ ሆነ። ማዕድ ቤት ውስጥ ደግሞ ማን በረዶ እያመላለሰ እንጀራ ይጋግራል?

ሒሳቡን እንሥራው

ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ሥራ ሙቀትን ወደ ሥራ የሚቀይር ማንኛውም ማሽን ሊያልፈው የማይችለውን ድንበር አሳይቷል። ሙቁ ወገን 150 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ መላእክት የሠሩት ማሽን እንኳ ከሚያልፍበት ሙቀት 19 በመቶውን ብቻ ነው መለወጥ የሚችለው። የእኛዋ ሰሌዳ መልአክ አይደለችምና ከዚያ ውስጥ የምታገኘው ጥቂቱን ነው። በገበያ ያሉት ሰሌዳዎች ጥሩ የሙቀት ልዩነት ሲያገኙ አምስት በመቶ ገደማ ይደርሳሉ፤ ምጣድ ጎን ላይ ታስረው ከዚያም ያነሰ።

ወደ ቅዳሜው ምጣድ እንመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። ሳያቋርጥ ለሁለት ሰዓት ተኩል ቢሠራ 8.75 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 8,750 ዋት ሰዓት በላ። ሰሌዳዋ በደጉ ጊዜዋ የሰጠችው 1.5 ዋት ነበር። ሳትደክም እስከ መጨረሻው ብትዘልቅ እንኳ 3.75 ዋት ሰዓት። ይህ የአንድ ዘመናዊ ስልክ ባትሪ ሩብ ገደማ ነው።

8,750 ሰጥተን 3.75 ተቀበልን። ከ2,300 አንድ መሆኑ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ 2,300 ብር ከፍላችሁ ባለሱቁ አንድ ብር መልስ ቢሰጣችሁ "ነጻ ብር አገኘሁ!" ብላችሁ ትጨፍራላችሁ? ደግሞ ያቺን አንድ ብር ለማግኘት ሰሌዳ፣ ማቀዝቀዣና ሰርኪዩት ገዝታችኋል። ኤሌክትሪክ ከቆጣሪ ገዝቶ፣ ወደ ሙቀት ቀይሮ፣ ከሙቀቱ ፍርፋሪ መልሶ ኤሌክትሪክ መልቀም! አበው ሲተርቱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ሌላ ሒሳብ። ያ ምጣድ ከሥሩና ከጎኑ ክፍሉን ያሞቃል። እንጀራው የሚፈልገው ሙቀት ላይ ላዩን ነው፤ እናታችንን የሚያልባቸው ከታችና ከጎን የሚያመልጠው ነው። ይህን የሚያመልጠውን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ጠቅልለን ከፍጆታው አንድ አሥረኛውን ብቻ አዳንን እንበል። 875 ዋት ሰዓት ነው። የጓደኛዬን ሰሌዳ 233 ጊዜ ይበልጣል። ሽቦ የለ፣ ሰርኪዩት የለ፣ በረዶ የለ፤ ሽፋን ብቻ።

በከተማ ደረጃ እንየው። በአንድ ጊዜ መቶ ሺህ ምጣድ ቢሰካ 350 ሜጋ ዋት ይጠይቃል። አንድ አሥረኛው ቢድን 35 ሜጋ ዋት ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ማመንጫ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ምጣዶቻችንን በደንብ ብንሸፍናቸው ወደ ቆቃ የሚጠጋ ነገር ወጥ ቤታችን ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። ያንኑ መቶ ሺህ ምጣድ በጓደኛዬ ሰሌዳ ብናስጌጠውስ? መቶ ሺህ ጊዜ 1.5 ዋት፤ 150 ኪሎ ዋት። 43 ምጣድ እንኳ አያሠራም።

"ምን አስጨነቀህ? ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት አለን" የሚለኝ ይኖራል። እሰየው! ግድቡ ግን የእናቱን ካርድ አይሞላላቸውም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ወደ ሊጡ የገባውንና ወደ ግድግዳው የሸሸውን ሳይለይ ነው።

"የገጠሯን እናት ረሳሃት"

ይህን ክርክር አከብረዋለሁ። "አንተ የምታወራው ሶኬት ስላለው ቤት ነው። መስመር ያልደረሰላት፣ በጉልቻ የምትጋግር ሴትስ? ለእሷ ሁለት ዋት መብራት ነው፤ ስልኳ ባንኳም ዘመዷም ነው" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ትልቁ ክርክር እዚህ ነውና በደንብ እንየው።

እውነት ነው፣ አብዛኛው የአገራችን ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በጭራሮና በኩበት ነው። ከእንጦጦ ጀርባቸውን አጉብጠው የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ግን ጠይቁ፤ ለዚህች ሴት ሁለት ዋት ከየት ይምጣላት? አሥር ዋት የምትባል ትንሽ የፀሐይ ፓነል በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ 50 ዋት ሰዓት ገደማ ትሰጣለች። ጥቂቱ በመንገድ ቢባክን እንኳ ስልኳን ሞልቶ ማታ ለልጆቿ የሚያበራ ይተርፋታል። ጣራ ላይ ተቀምጣ፣ ያለ ጭስ።

ሰሌዳ የተገጠመለት ምድጃ ግን የሚያመነጨው እሳቱ ሲነድ ብቻ ነው። ስልኩ ገና አልሞላም? ጥቂት እንጨት ጨምሪበት! እንጨቱን የምትሸከመው እሷ፣ ጭሱን የምትስበው እሷ፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን። የዓለም ጤና ድርጅት በግምቱ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል ይላል። ብዙ እንዲነድ የሚጋብዝ ምድጃ ሠርተን "ለገጠሯ እናት አሰብንላት" ማለት ድፍረት ነው።

እዚህ ላይ ግን ባርኔጣዬን የማነሳለት አንድ ሐሳብ አለ። ባዮላይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራቸው ምድጃዎች ከሰሌዳዋ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የሚሰጡት ለስልክ አይደለም፤ እሳቱ ላይ አየር ለሚነፋ ትንሽ ማራገቢያ ነው። አየር ያገኘ እሳት ጭሱን ራሱ ያቃጥለዋል። እንጨቱም ይቆጠባል። ስልኩ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ልዩነቱን አያችሁ? እዚህ ሁለቷ ዋት የሴትየዋን ሳንባ ታገለግላለች። በቪዲዮው ላይ ያለችው ግን የተመልካችን ጭብጨባ ታገለግላለች። ሆኖም እነዚህ ምድጃዎች የተሠሩት ለድስት ነው፤ ስድሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን የእኛን ምጣድ አይሸከሙም። መፍጠር የሚፈልግ ወጣት ካለ ሥራው እዚያ ተቀምጦ እየጠበቀው ነው።

ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ሳይነካው የሚሠራ መፍትሔ እጃችን ላይ አለ። "ምርጥ ምድጃ" ይባላል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ እዚሁ አገራችን ይሠራል፤ እሳቱን ከቦ ይይዘዋል፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ እንጨትን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ። እስቲ ስለ ምርጥ ምድጃ ቪዲዮ የተላከለት ሰው እጁን ያውጣ! አምፖል ስለማያበራ ማንም አያጨበጭብለትም።

ቦታዋ የት ነው?

ሰሌዳዋ ንግሥት የሆነችባቸው ቦታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጠቁት ሁለቱ ቮዬጀር መንኮራኩሮች ፀሐይ ከዋክብትን መስላ በምትታይበት ርቀት ከአርባ ዓመት በላይ የሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ፕሉቶኒየም ይሞቃል፣ ጠፈሩ ይቀዘቅዛል፣ በመሃል ኤሌክትሪክ ይወጣል። ሲነሱ እያንዳንዳቸው 470 ዋት ገደማ ነበራቸው። ማርስ ላይ የምትሄደው ኪዩሪዮሲቲም 2,000 ዋት ገደማ ሙቀት ይዛ የተነሳችው 110 ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ለማግኘት ነበር። ሶቪየቶች ደግሞ በ1950ዎቹ በኩራዝ ሙቀት ሬዲዮ የሚያሠራ ጀነሬተር ሠርተው መስመር ላልደረሰበት መንደር ያዳርሱ ነበር።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ሌላ አማራጭ ያለመኖሩ ነው። ቮዬጀር ዘንድ ሄዶ ዘይት የሚቀይር መካኒክ የለም። ለዚህ ሲባል ከመቶው ዘጠና አራቱን መጣል ያዋጣል። አማራጭ ባለበት ቦታ ግን ሀብታሞቹም አልቻሉትም። ቢኤምደብሊውና ፎርድ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ በመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ሞክረውታል። ሠርቷል፤ ኤሌክትሪክ ወጥቷል፤ ወደምንገዛው መኪና ግን አልገባም። ወጪው፣ ክብደቱና የሚገኘው ነገር አልተመጣጠኑም። በእነሱ ላቦራቶሪ ያልተመጣጠነው በእኛ ምጣድ እንዴት ይመጣጠናል?

"ታዲያ የሚባክን ሙቀት ይባክን?" አላልኩም። ትልቁ የሚባክን ሙቀት ያለበት ቦታ ሌላ ነው እያልኩ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ክሊንከሩን በ1,450 ዲግሪ ያበስላል፤ በጭስ ማውጫው የሚወጣው አየር ከ300 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ቻይና ውስጥ እጅግ ብዙ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በዚህ ሙቀት ውኃ አፍልተው፣ በእንፋሎቱ ተርባይን አዙረው ከሚፈልጉት ኤሌክትሪክ ጥሩ ድርሻውን ራሳቸው ያመነጫሉ። በሰሌዳ አይደለም፤ በተለመደው፣ በአሰልቺው እንፋሎት።

እኛም ዘንድ ባዕድ አይደለም። ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ የሸንኮራ ገለባውን አንድደው በእንፋሎቱ ተርባይን ያዞራሉ፤ ከተርባይኑ የወጣው እንፋሎት ደግሞ ተመልሶ የሸንኮራውን ጭማቂ ያፈላል። አንድ እሳት፣ ሁለት ሥራ። የሚባክን ሙቀትን መጠቀም ማለት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ኤሌክትሪክ ማድረግ እንኳ አያስፈልግም፤ ዳቦ ቤት ካለ ጭስ ማውጫው የእጥበት ውኃውን ያሙቅ። ሙቀት በሙቀትነቱ ሲሠራ ካርኖን ማስፈቀድ አይጠበቅበትም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ጓደኛዬን አልወቅስም። እሱ ቢያንስ ተንበርክኮ ለክቷል። የምወቅሰው ሳንለካ የምናጨበጭበውን ነው። እስቲ አስቡት፤ በአንድ የፈጠራ ውድድር ላይ አንድ ልጅ ምጣድ ላይ አምፖል አብርቶ ይቀርባል፤ አንዲት ልጅ ደግሞ በወር የቤቷን ካርድ የሚቀንስ በደንብ የተሸፈነ ምጣድ ይዛ ትቀርባለች። ሽልማቱ ለማን ይሆናል? ካሜራው ወዴት ይዞራል? መልሱን እናንተም እኔም እናውቀዋለን። "የእሷ ምኑ ነው ፈጠራው?" እንላለን። ሽፋን አያበራማ!

ከዚህ የተነሳ ጎበዝ ጎበዝ ልጆቻችን ዓመት ሙሉ ለሚያብለጨልጭ ነገር ይለፋሉ። የመመረቂያ ሥራ ይሠሩበታል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ወጥ ቤቱ ግን እንዳለ ነው። ጭሱ እንዳለ ነው። ካርዱ እንዳለ ያልቃል። ይህ የአገር ገንዘብና የአገር አእምሮ ማባከን ነው፤ ከሚባክነው ሙቀት ይልቅ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ዳኞች፣ ጋዜጠኞችና ቪዲዮ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁልኝ። አንደኛ፣ ስንት ዋት፣ ለስንት ሰዓት? ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛው ወገን በምን ነው የሚቀዘቅዘው? ሦስተኛ፣ በዚሁ ገንዘብ ሙቀቱ መጀመሪያውኑ እንዳይባክን ቢደረግ ምን ያህል ይተርፍ ነበር? ሦስቱን የመለሰ መሣሪያ ይሸለም፣ እኔም ተነስቼ አጨበጭባለሁ።

ጓደኛዬ ሰሌዳዋን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧታል። ባለፈው ሳምንት እናቱን ለመጀመሪያ ጊዜ "እማዬ፣ ከዚህ ምጣድ የሚያስቸግርሽ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ካርዱ ቶሎ ያልቃል፤ ወገቤን ደግሞ ያቃጥለኛል" አሉት።

ሁለቱም ጥያቄ ስለሚያመልጥ ሙቀት ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያስቆጠረች ሰሌዳ ከማስመጣቱ በፊት ይህን ቢጠይቃቸው ኖሮ ገንዘቡም ቅዳሜውም ይተርፈው ነበር። አሁን ምጣዱን ገልብጦ ሥሩን እየለካ ነው። ቪዲዮ አልቀረጸም።